ካንሰር ስኳር ይሻማል፤ ታማሚን ማስራብ ግን መፍትሔ አይደለም

ባለፈው ሰሞን በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ አንድ አባት በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ነዋሪነታቸው አሜሪካ ነው። ወደ አገር ቤት የመጡት ለቤተሰብ ለቅሶ ሲሆን፣ ወደ እኔ ያመጣቸው ደግሞ ድካም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በግራ እግራቸው ተረከዝ ላይ የወጣ ጥቁር ነጥብ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኝቷል። በቀዶ ሕክምና ቢወጣም ወደ ብሽሽታቸው ንፍፊት ተዛመተ። አሁን በየስድስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚውኖቴራፒ የተባለ መድኃኒት ይወስዳሉ።

ከሦስት ወር በፊት 71 ኪሎ ነበሩ። በእኛ ሚዛን 62 ሆኑ። የምግብ ፍላጎታቸው ጠፍቶ እንደሆነ ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው፣ «ኧረ ይርበኛል ልጄ! ካንሰሩን በረሃብ ልገድለው ብዬ ነው። የሚበላው ስኳር ነው አሉ። እንጀራውንም፣ ዳቦውንም፣ ሽሮውንም፣ ፍራፍሬውንም ትቻለሁ» አሉኝ። ይህንን ምክር ያገኙት በስልካቸው ከተላከላቸው ቪዲዮ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ምክር በየማኅበራዊ ገጹ በሰፊው እየተሰራጨ በመሆኑ የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ያተኩራል። ነገሩን ለማስተባበል የሚያስቸግረው ከመሬት የተነሳ ወሬ አለመሆኑ ነው። የካንሰር ዕጢ የምግብ አጠቃቀም የኢሚውኖቴራፒን ሥራ እንደሚያሰናክል ሳይንስ ራሱ ይናገራል። ስህተቱ ያለው ከዚያ እውነት በተወሰደው መደምደሚያ ላይ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ኢሚውኖቴራፒ ምን ይሠራል?

ሰውነታችን በየጊዜው የሚበላሹ ህዋሳትን እየለየ የሚያጠፋ የራሱ ዘብ አለው። ከዘቦቹ ዋነኞቹ ቲ ሴል የሚባሉት የነጭ ደም ህዋሳት ናቸው። እነዚህ ህዋሳት ጤነኛውን አካል እንዳያጠቁ ፍሬን ተገጥሞላቸዋል። ካንሰር ብልጥ ነውና ይህንኑ ፍሬን ረግጦ ይይዝባቸዋል፤ ቲ ሴሉ ጠላቱን ከፊቱ እያየ ይቆማል።

የአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና የጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ምርምር ፍሬኑን ማስለቀቅ እንደሚቻል አሳየ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2018 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ኢፒሊሙማብ የተባለው የመጀመሪያው መድኃኒት ለሜላኖማ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2014 ደግሞ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ተከተሉ።

ከዚያ በፊት ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተዛመተ ሜላኖማ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ አይቆይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ፣ 945 ታማሚዎችን ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት ምን ያህል እንደተለወጠ ያሳያል። ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብን አንድ ላይ ከወሰዱት መካከል ከ10 ዓመት በኋላ 43 በመቶ ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ኒቮሉማብን ብቻ ከወሰዱት 37 በመቶ፣ ኢፒሊሙማብን ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 19 በመቶ። በካንሰር ሕክምና ታሪክ ይህ ትልቅ ድል ነው።

ሆኖም ቁጥሩን ከሌላው ወገን እናንብበው። የተሻለውን ሕክምና ካገኙት ውስጥ እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 10 ዓመት አልደረሱም። ለአንዳንዱ መድኃኒቱ ከመጀመሪያውም አልሠራለትም፤ ለሌላው ሠርቶለት ቆይቶ ከዚያ ካንሰሩ ተላመደው። ፍሬኑ ከተለቀቀ ዘቡ ለምን አልገሰገሰም? ጥያቄው ብዙ መልሶች አሉት። አንዳንድ ካንሰሮች በቲ ሴል የሚታወቁበትን ምልክት ይደብቃሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቲ ሴልን ጭራሹን አያስገቡም። ተመራማሪዎች ባለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት በትኩረት የያዙት ሌላው መልስ ግን የምግብ ነገር ነው። ፍሬኑ የተለቀቀ መኪና ነዳጅ ከሌለው ከቆመበት አይነቃነቅም።

ዕጢው ውስጥ ያለው ሽሚያ

ጤነኛ ህዋስ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ግሉኮስ የተባለውን ስኳር አሟጦ አቃጥሎ ብዙ ኃይል ያወጣል። ኦቶ ዋርበርግ የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት ካንሰር ከዚህ እንደሚለይ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ አስተውሏል። የካንሰር ህዋስ ኦክስጅን እያለም ብዙ ግሉኮስ ይወስዳል፤ ግማሽ መንገድ አቃጥሎም ላክቲክ አሲድ አድርጎ ይጥለዋል። ለኃይል ማመንጫ ብክነት ቢመስልም፣ በፍጥነት ለሚባዛ ህዋስ የግንባታ ዕቃ ያቀርብለታል። ካንሰርን ለመፈለግ ፔት ስካን የተባለው ምርመራ ሲሠራ ለታማሚው ጨረር ያለው ስኳር የሚሰጠውም ለዚሁ ነው፤ ዕጢው ስኳሩን ሲሰበስብ በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙ ቪዲዮዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ጠላቱን አይቶ የነቃ ቲ ሴልም እንዲሁ ግሉኮስ በብዛት ይፈልጋል። ዕረፍት ላይ ሳለ በጥቂቱ የሚኖረው ዘብ ውጊያ ሲጀምር በፍጥነት መባዛትና የጦር መሣሪያ የሆኑ ፕሮቲኖችን ማምረት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 በአይጦች ላይ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች፣ ዕጢው ግሉኮሱን ሲቀማ በውስጡ ያሉት ቲ ሴሎች የመዋጋት አቅማቸው እንደሚዳከም አሳዩ። አንደኛው የተሠራው በሜላኖማ ላይ ነበር። ጠላትና ወታደር ከአንድ መሶብ ነው የሚበሉት ማለት ነው።

ችግሩ በስኳር አያበቃም። የሚጣለው ላክቲክ አሲድ በዕጢው ዙሪያ ይከማቻል። አሲድ የበዛበት አካባቢ ቲ ሴልን ያደነዝዛል። በአንጻሩ ተቆጣጣሪ ቲ ሴል የሚባሉት፣ የውጊያውን ግለት የሚያበርዱት ህዋሳት፣ ይህንኑ ላክቲክ አሲድ እንደ ምግብ ተጠቅመው ይኖሩበታል። ሐኪሞች በሜላኖማ ታማሚዎች ደም ውስጥ ኤልዲኤች የተባለውን ኢንዛይም የሚለኩበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኤልዲኤች በላክቲክ አሲድ ምርት ውስጥ የሚሳተፍ ኢንዛይም ነው፤ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲገኝ በሽታው የከበደና ለሕክምናም የሚያስቸግር የመሆን ዕድሉ ይጨምራል።

ኦክስጅንም እንዲሁ ነው። በፍጥነት ያደገ ዕጢ የደም ሥሮቹ የተዘበራረቁ ስለሆኑ አየር ያጥረዋል። ያለውንም ካንሰሩ ሲጨርሰው ቲ ሴሉ ይዝላል። የዛለን ዘብ ደግሞ ፍሬን በማስለቀቅ ብቻ መቀስቀስ አስቸጋሪ ነው።

ታዲያ ስኳር ብናቆም ካንሰሩ አይራብም?

አይራብም፤ ቢያንስ በዚህ መንገድ አይራብም። ሦስት ምክንያቶችን ላስረዳ።

አንደኛ፣ የምንበላውን ስኳር ብናቆም በደማችን ውስጥ ያለው ስኳር አይጠፋም። ጉበት ያከማቸውን ይለቅቃል፤ እሱም ሲያልቅ ከጡንቻ ፕሮቲን እየቀነሰ አዲስ ግሉኮስ ይሠራል። አንጎልና ቀይ የደም ህዋሳት ያለ ግሉኮስ መኖር ስለማይችሉ ሰውነት ይህንን ይጠብቃል። ስለዚህ ዕጢው ድርሻውን መውሰዱን ይቀጥላል፤ የሚከፍለው የታማሚው ጡንቻ ነው። የእኚያ አባት ዘጠኝ ኪሎ የሄደው ወደዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ የተሻማው ነገር ለሁለቱም ወገን ነው። ካንሰሩን ያስራበ ሰው ዘቡንም አስርቦታል። ኢሚውኖቴራፒ በሚወስዱ ታማሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ብዙ ክብደትና ጡንቻ ያጡት የሕክምና ውጤታቸው ደከም ያለ እንደሚሆን ያመለክታሉ።

ሦስተኛ፣ ካንሰር አንድ ምግብ ብቻ የሚመርጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአይጥ ዕጢዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በዕጢው ውስጥ በነፍስ ወከፍ ከፍተኛውን ግሉኮስ የሚወስዱት የካንሰር ህዋሳት ሳይሆኑ ማክሮፋጅን የመሳሰሉ የራሳችን የመከላከያ ህዋሳት መሆናቸውን አገኘ። የካንሰር ህዋሳቱ በብዛት የወሰዱት ግሉታሚን የተባለውን የፕሮቲን አካል ነበር። ግሉታሚንን ሰውነታችን ራሱ ያመርተዋል። አንዱን በር ስንዘጋ ካንሰሩ በሌላው ይገባል፤ ሁሉንም እንዝጋ ካልን ደግሞ ታማሚው አይተርፍም።

ይህ ሲባል ጣፋጭ ያለልክ ይወሰድ ማለት አይደለም። ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ምግብ መቀነስ ለማንም ሰው ይጠቅማል፤ የስኳር ሕመም ላለበት ደግሞ ግዴታ ነው። ነገር ግን ስኳርን መቀነስ ሌላ፣ እንጀራንና ሽሮን ትቶ መክሳት ሌላ ነው።

በመድኃኒት የተደረገው ሙከራ

ሽሚያውን በመድኃኒት ለማስቆም ተሞክሯል። ትሪፕቶፋን የተባለ ለቲ ሴል የሚያስፈልግ የፕሮቲን አካል አለ። ብዙ ካንሰሮች አይዲኦ በሚባል ኢንዛይም እየሰባበሩ ያጠፉታል። ኢንዛይሙን የሚያግድ ኤፓካዶስታት የተባለ መድኃኒት ተሠርቶ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ብዙ ተስፋ ተጣለበት። ከዚያ ከ700 በላይ የሜላኖማ ታማሚዎች በተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተሰማው ውጤት ግን አሳዛኝ ነበር። መድኃኒቱ መጨመሩ ለታማሚዎቹ ምንም የተሻለ ነገር አላስገኘም።

ይህንን የማነሳው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በቤተ ሙከራ እውነት የሆነ ነገር በሰው ላይ ሲሞከር ሊከሽፍ እንደሚችል ለማስታወስ ነው። ሳይንቲስቶች በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አውጥተው፣ አንድ ኢንዛይም ለይተው ያልተሳካላቸውን ነገር እኛ ከገበታችን ላይ እንጀራ በማንሳት እናሳካዋለን ማለት አይሆንልንም።

ሜትፎርሚን ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ የታወቀው የስኳር ሕመም መድኃኒት በአይጦች ላይ የዕጢውን የኦክስጅን ፍጆታ ቀንሶ ኢሚውኖቴራፒን ሲያግዝ ታይቷል። ዜናውን ሰምተው ስኳር ሳይኖርባቸው ከመድኃኒት ቤት ሊገዙት የሚፈልጉ አሉ። ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመም ታዝዞልዎት ከሆነ በሐኪምዎ ምክር ይቀጥሉ። ለካንሰር ብለው ግን በራስዎ አይጀምሩት፤ በሰው ላይ ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም አደጋ አለው።

ገበታችን ላይ ያለው ጥሩ ዜና

ከአመጋገብ ጋር በተያያዘ በሜላኖማ ታማሚዎች ላይ ከተገኙት ተስፋ ሰጪ ነገሮች አንዱ ከቪዲዮው ምክር ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በቀን 20 ግራምና ከዚያ በላይ የአሰር ምግብ የሚመገቡ ታማሚዎች ኢሚውኖቴራፒ ሲወስዱ በሽታቸው ሳይባባስ የቆዩበት ጊዜ ከሌሎቹ የረዘመ እንደነበር አሳይቷል። አሰር ማለት ጥራጥሬ፣ ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬ ውስጥ ያለው፣ ሆዳችን የማይፈጨው ክፍል ነው። አንጀታችን ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል፤ እነሱም የመከላከል አቅማችንን ያነቃቃሉ ተብሎ ይታሰባል።

የባክቴሪያዎቹን ድርሻ የሚያጠናክር ሌላ ማስረጃም አለ። በዚያው ዓመት ከአሜሪካና ከእስራኤል የወጡ ሁለት ትንንሽ ጥናቶች፣ ኢሚውኖቴራፒ ያልሠራላቸው የሜላኖማ ታማሚዎች ሕክምናው ከሠራላቸው ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያ እንዲወስዱ አደረጉ። በአሜሪካው ከ15 ታማሚዎች 6ቱ፣ በእስራኤሉ ከ10 ታማሚዎች 3ቱ ተጠቃሚ ሆነዋል። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ የአሰሩም ጥናት ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አላረጋገጠም። ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው። የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ የገብስ ቆሎ፤ እኚያ አባት ከገበታቸው ካነሷቸው አብዛኞቹ ሐኪሞች ሊመክሯቸው የሚገቡት ነበሩ።

ከዚሁ ጋር ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መዋጥ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይጨርሳል፤ ከኢሚውኖቴራፒ ደካማ ውጤት ጋር ተያይዞም ታይቷል። በሐኪም ሲታዘዝ ግን መውሰድ ግድ ነው፤ ያልታከመ ኢንፌክሽን ይገድላል። በእንክብል የሚሸጡ ፕሮባዮቲኮችም ይጠቅማሉ ተብሎ በራስ ውሳኔ የሚጀመሩ አይደሉም።

የእኛ ጉዳይ፦ የእግር መዳፍ

ሜላኖማ የነጭ ሰው በሽታ ብቻ ይመስለናል። እውነት ነው፣ በጥቁር ቆዳ ላይ እምብዛም አይከሰትም። ሲከሰት ግን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ነው፤ በእግር መዳፍ፣ በተረከዝ፣ በእጅ መዳፍና በጥፍር ሥር። እ.ኤ.አ. በ2005 በመስቀል አደባባይ 60ኛ የልደት በዓሉ የተከበረለት ቦብ ማርሌይ በ36 ዓመቱ የሞተው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። ጫማ የነካው ወይም እሾህ የወጋው ስለሚመስል ዘግይቶ ይታወቃል። ኢሚውኖቴራፒም በፀሐይ ምክንያት ከሚመጣው ሜላኖማ ያነሰ ይሠራለታል። በዚያ ላይ የመድኃኒቱ ዋጋ በአሜሪካ ለአንድ ታማሚ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኒቮሉማብን እ.ኤ.አ. በ2019 ለተዛመተ ሜላኖማ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ቢያስገባውም፣ ዝርዝር ውስጥ መግባትና ታማሚው እጅ መድረስ የተለያዩ ናቸው። ለእኛ አገር አንባቢ ከሁሉም የሚበልጠው ሕክምና በጊዜ የተቆረጠ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነው። ገና ቀጭን ሳለ የተገኘ ሜላኖማ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል።

ምን እናድርግ?

* በወር አንድ ጊዜ እግርዎን ሲታጠቡ መዳፍዎን፣ ተረከዝዎን፣ በጣቶች መካከልና ጥፍርዎን ይመልከቱ። ማየት ካልቻሉ ልጅዎ ወይም የትዳር አጋርዎ ይይልዎት።

* አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ የሚደማ ወይም የማይድን ቁስል የሆነ ነጥብ፣ እንዲሁም በአንድ ጥፍር ላይ እየሰፋ የሚመጣ ጥቁር መስመር ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። አይተኩሱት፣ አይቁረጡት፣ ቅጠል አያድርጉበት።

* ኢሚውኖቴራፒ የሚወስዱ ከሆነ በሄዱበት ሁሉ ለሚያክምዎ ባለሙያ ይንገሩ። ፍሬኑ የተለቀቀ ዘብ አንዳንዴ የራስን አካል ያጠቃል። ተቅማጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ድካም፣ ሽፍታ፣ የውኃ ጥምና የሽንት መብዛት ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ።

* ክብደትዎን በየሳምንቱ ይመዝኑ። ሳያስቡት ከቀነሱ ለሐኪምዎ ያሳውቁ።

* እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት ወይም ጥራጥሬን የመሰለ ፕሮቲን ከገበታዎ አይጥፋ። ሃይማኖታዊ ጾም የሚጾሙ ከሆነ ከሐኪምዎና ከሃይማኖት አባትዎ ጋር ይመካከሩ።

* የምግብ ምክር በስልክዎ ሲደርስዎ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ በሰው ላይ ተሞክሯል ወይስ በአይጥ?

ወደ እኚያ አባት ልመለስ። መድኃኒቱ እጢዎቻቸውን ነክቶ እንዳይሆን የታይሮይድ፣ የኮርቲሶልና የደም ስኳር ምርመራ አዘዝኩላቸው፤ ሁሉም ደህና ነበር። ድካሙ የረሃብ ነበር። ከላይ የጻፍኩትን በአጭሩ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ እኔ እኮ የገዛ ወታደሬን ነው ያስራብኩት» አሉ። ልጃቸው ሦስት ወር ሙሉ ሲለምናቸው እንደነበር ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። አሜሪካ ላለው የካንሰር ሐኪማቸው የሚሰጡት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው።

ከመመለሳቸው በፊት ለክትትል ሲመጡ ኪሎ ተኩል ጨምረው ነበር። ካንሰሩ ወዴት እንደሚሄድ ኪሎ ተኩል አይነግረንም፤ እሱን የሚነግራቸው ቀጣዩ ምርመራቸው ነው። በራሳቸው ደረጃ ወጥተው መውረድ ግን ችለዋል። ለሚቀጥለው መድኃኒት በዚህ አቅም መድረሳቸው በራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጤና ይስጥልን!